አንገት ያቃናንበት ቤት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ድግስ ቢጤ አደረጉልኝ። አንድ ወጣት ሐኪም ተነሥቶ፣ "ሲስተር ወርቅነሽ ያሰሩትን የአንገት ፋሻ ያየ ሰው የሌላውን አይወድም፤ እስቲ የት እንደተማሩት ይንገሩን" አለ። እኔም እውነቱን ነገርኳቸው። "ካዛንቺስ ውስጥ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ የሲኞራዎችን አገጭ የሚያሳምር ሐኪም ቤት ጨርቅ ሳጥብ" ብል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ተናደድኩ። የኔ ንዴት ደግሞ ቶሎ አይበርድም፤ ላንቻ ቤቴ ገብቼ የሸለሙኝን የግድግዳ ሰዓት ከካርቶኑ ሳላወጣ ብዕር ያነሣሁት በዚያው ንዴት ነው።

የሥራ ዘመኔን በሙሉ ልተርክ ብል አንባቢ ያዛጋል። ደሴ ሠርቻለሁ፤ ነቀምቴ ሠርቻለሁ፤ እዚሁ አዲስ አበባም ጸጉሬ እስኪሸብት ሠርቻለሁ። ከስድብ በቀር የሚናገረው የሌለው አለቃ ነበረኝ፤ በሽተኛ ሲሞትበት መድኃኒት ክፍል ገብቶ የሚያለቅስ አለቃም ነበረኝ። ስለ ደመወዝና ስለ እድገት ካነሣሁ ንዴቴ ስለሚብስ ልለፈው። ሙያዬ የተጀመረው ግን በዚያ ቤት ነው። ሙያ ብቻውን የማይዘልቀው ነገር እንዳለም ያየሁት እዚያው ነው።

ያኔ ካዛንቺስ ማለት ለጣሊያን ሹማምንት የተሠሩ፣ ገና የኖራው ሽታ ያልለቀቃቸው ቤቶች ነበሩ። እኛ አበሾች የምንገባው ለሥራ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ውልቅ እንላለን። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። እናቴ ቂርቆስ ሰፈር ተቀምጣ የሰው ልብስ ታጥብ ነበርና እኔን ለአንድ ሐኪም ቤት አንሶላና ፋሻ አጣቢ አድርጋ አስቀጠረችኝ። ሐኪሙን ሁላችንም "ዶቶሬ" ነበር የምንለው። ሰፈርተኛው ግን "አገጭ ጠራቢው" የሚል ስም አውጥቶለታል። እሱ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ"፣ "አንቺ" እያለ ሲጠራን ስለኖረ እኔም እዚህ ላይ አላከብረውም።

ዶቶሬ በቀድሞው የአውሮፓ ጦርነት መንጋጋቸው በጥይት የተሰበረ ወታደሮችን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው አሉ። እኛ አገር ሲመጣ ግን ገበያው ሌላ ሆኖ ጠበቀው። የሹማምንቱ ሚስቶች ካገጫቸው ሥር የተንጠለጠለውን ሥጋ ያስወግድላቸው ነበር። አገጭና ጉሮሮ በሚገናኙበት እጥፋት ላይ ትንሽ ይሰነጥቃል፤ ቢጫውን ስብ በመቀስ ጫፍ እየለቀመ ያወጣል፤ የላላውን ቆዳ ስቦ፣ የተረፈውን ቆርጦ በሐር ክር ይሰፋዋል። ሴትዮዋ ጥርሷን እንዳመማት ሰው ራሷ ላይ ፋሻ ጠምጥማ ትተኛለች። እኔ በጣም ይገርመኝ ነበር። የኛ ሴቶች አንገታቸው ላይ መስመር እንዲኖራቸው በንቅሳት ያስጌጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ያለውን መስመር አሰፍተው ያስጠፋሉ። አንዷ ሲኞራ ፋሻዋ ሲፈታ መስተዋት ይዛ ስታለቅስ አይቼ ግን መሳቄን ተውኩ። ባሏ ዞር ብሎ ማየት ትቷት ነበር አሉ። ጭንቅ ጭንቅ ነው፤ የፈረንጅም ይሁን።

መምህሬ ዶቶሬ አልነበረም። ባሻይ ተስፉ ነበሩ። የኤርትራ ሰው ናቸው፤ ባሻይ በሚል ማዕረግ ከጣሊያን ጦር ጋር የመጡ ቁስል አጣቢ። ወፈር ያሉ፣ ጫማቸው ዘወትር የሚያብረቀርቅ፣ ሲያስነጥሱ ቤቱን የሚያናውጡ። "ጓለይ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ያጠብኩትን ፋሻ ስጠቀልል አይተው፣ "እጅሽ አይቸኩልም፤ ነይ" ብለው ከልብስ ማጠቢያው ወደ ቁስል ክፍል አዛወሩኝ።

የባሻይ አመል ይህ ነው። በሽተኛ አንገት ላይ የሚያስሩትን ማንኛውንም ነገር አስቀድመው በራሳቸው አንገት ላይ ያስሩታል። ለደቂቃ አይደለም። አስረውት ምሳ ይበላሉ፣ አስረውት ሻይ ይጠጣሉ፣ አስረውት ጋደም ይላሉ። የት እንደሚፋቅ፣ የት እንደሚያንቅ ራሳቸው ካላወቁ በሽተኛውን አይነኩም። እየዋጡ ሳለ ዓይናቸው ሲፈጥ እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

"ሳቂ፣ ሳቂ" ይሉኛል። "አንገት ግንድ አይደለም፣ ጓለይ። ይውጣል፣ ያስላል፣ ይስቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የማይጎዳው ፋሻ ነው ፋሻ የሚባለው።"

አሁን ወደ የሺ ልምጣ። የሺ የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘውዴ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከኔ አይርቅም። ገና በዳዴ ሳለች የፈላ የንፍሮ ድስት ተደፍቶባት አንገቷ በሙሉ ተቃጥሏል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው እየተኮማተረ አገጯን ጎትቶ ደረቷ ላይ አጣበቀው። ታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገልብጦ ስለቀረ አፏ አይገጥምም፤ ምራቋን የምትጠርግበት ጨርቅ ከእጇ አይለይም። ውሃ ለመጠጣት ከወገቧ ወደ ኋላ መለመጥ አለባት፤ እናቷ ጀርባዋን ይደግፉላታል። ሰው ቤት ሄዳ አፏ ላይ ነገር አታደርስም። እኔ ምን እንደምትመኝ ጠይቄያት ነበር። መልኳን የምታነሣ መስሎኝ ነው።

"አፌን መግጠም" አለችኝ። "ሰው ፊት ተቀምጬ አፌን ገጥሜ ዝም ማለት።"

አጠባውም አልቀረልኝም ነበርና ሥራ ሲበዛብኝ አንሶላ በማስጣት እንድትረዳኝ ወደ ሐኪም ቤቱ ጓሮ አስገባት ነበር። ገመዱ ከፍ ያለ ነው። እሷ ቀና ማለት ስለማትችል መላ ሰውነቷን ወደ ኋላ እየለመጠች ትሰቅላለች። ዶቶሬ በመስኮት ሲያያት ቆየና ወጥቶ መጣ። አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ ጠባሳውን ዳሰሰው። ከዚያ ለባሻይ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናግሮ ገባ።

ባሻይ ደንግጠው ቆሙ። "እሠራታለሁ ነው የሚለው" አሉኝ።

ለምን እንደሠራት እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አላውቅም። ከፊትም ከጎንም ፎቶግራፍ አንሥቷታል፤ ሮም ላሉ ሐኪሞች ሊያሳያት አስቦ ይሆናል። የሲኞራ ስብ መልቀም ሰልችቶት የድሮ ሥራው ናፍቆትም ይሆናል። ስለ አገሬ ያደረገው በጎ ነገር አድርጌ አላወራውም። የሠራውን ግን ሠርቷል።

የሺ አንገቷ ስለማይዘረጋ ወዲያው የሚያስተኛውን ማደንዘዣ በአፍንጫዋ መስጠት አይቻልም፤ ትንፋሿ ከታፈነ የሚያድናት የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ጠባሳው እስኪለቅ ድረስ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ ኖቮካይን የሚባል መርፌ እየተወጋች ነቅታ ነው የተሠራችው። እኔ ከራስጌዋ ሆኜ ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ወርቅነሽ፣ አሁን ምን እያደረገ ነው?"

"ያጠረውን እየቆረጠ ነው። ያምምሻል?"

"አያምም። ድምፁ ግን ይሰማኛል።"

"ዝም በይ፤ አትናገሪ።"

"እንዴት አድርጌ ዝም ልበል፣ አፌ ሳይገጥም?"

ዶቶሬ ቢላዋውን ካንዱ ጆሮዋ ሥር እስከ ሌላው ሲያሳልፍ ገመድ የመሰለው ጠባሳ በጥቂት በጥቂቱ ተላቀቀ። በመጨረሻ ጭንቅላቷ ድንገት ወደ ኋላ መጥቶ መዳፌ ላይ ዐረፈ። ክብደቱን ዛሬም አልረሳሁትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ተንተርሶ አያውቅም። አለቀስኩ። ባሻይ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ "እንባሽ ቁስሉ ውስጥ እንዳይገባ" አሉኝ፤ የራሳቸውም ዓይን ርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ አስተኟት። ደሙ በሞቀ የጨው ውሃ በተነከረ የጎዝ ጨርቅ ተይዞ ቆመ። ባሻይ ጭኗን ቫዝሊን ቀብተው በጣውላ ቁራጭ ቆዳውን ወጠሩት። ዶቶሬ ረጅሙን ምላጭ አጋድሞ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ምላጩ ከሥሩ እስኪታይ የሳሳ ቆዳ ገፈፈ። አንገቷ ላይ አነጠፈው። ዙሪያውን በሐር ክር ሰፍቶ የክሩን ጫፍ ረጅም ረጅም አድርጎ ተወ። በመጨረሻ ድቡልቡል ጎዝ ቆዳው ላይ አድርጎ ክሮቹን በላዩ አጠላልፎ አሰራቸው፤ አዲሱ ቆዳ ከሥሩ እንዳይንቀሳቀስ ነው።

ቆዳው ያዘ። ድቡልቡሉ ሲፈታ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀልቶ አየነው። የሺ ተቀምጣ ከብርጭቆ ውሃ ጠጣች። ከንፈሯን በጣቷ እየነካካች ገጠመችው፤ ከፈተችው፤ ደግማ ገጠመችው።

"ዝም ማለት እንዲህ ይጣፍጣል?" አለች።

እንግዲህ ሥራው አላለቀም። አዲስ ቆዳ ቸል ካሉት ይኮማተራል፤ ለወራት ተወጥሮ መቆየት አለበት። ባሻይ ከኮርቻ ቆዳና ከጥጥ የአንገት መደገፊያ ሠሩላት። እንደ አመላቸው አስቀድመው በራሳቸው አንገት ላይ ሞከሩት፤ በሉ፣ ጠጡ፣ ሳሉ፣ ተኙበት። ከዚያ ለየሺም ለእናቷም ደጋግመው ነገሩ፤ ለመታጠብ ካልሆነ በቀር ቀንም ሌትም እንዳይወልቅ። እሺ ብለው ወደ ቂርቆስ ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ሐኪም ቤቱ ጓሮ ማደር ጀምሬ ስለነበር በየዕለቱ አላያትም ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ላይ የሺ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ መጣች። ገለጥኩት። አገጯ ወርዷል። እንደ ድሮው ደረቷ ላይ አልተጣበቀም፤ ከንፈሯ ግን ተገልብጧል፤ ያ ጨርቅ እጇ ላይ ነው።

ዶቶሬ አይቶ ጓንቱን ወለሉ ላይ ወረወረው። "ባስታ!" አለ። በቃ። ቆዳ ከዛፍ አይቀጠፍም፤ ለማይረባ ሰው ሁለተኛ አልሠራም ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ።

ባሻይ ወንበር ስበው ከፊቷ ተቀመጡ። "የሺዬ፣ መደገፊያውን አውልቀሽዋል?"

"አዎ።"

"ቆረቆረሽ?"

"ኧረ ምንም አልቆረቆረኝ።"

"ታዲያ ለምን?"

የሺ እንደማፈር አለች። "ሰው ሲመጣ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ቀና ብዬ ልጠብቀው እንዴ? አንገቴን ገትሬ እጅ ልንሣ?"

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። አገጯ ተላቀቀ የሚለው ወሬ ቂርቆስን ሲያዳርስ ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ጎረፈ። ማኅበርተኛው፣ ዘመዱ፣ የክርስትና እናቷ፣ ከጎተራ ማዶ የእናቷ ወገን ሁሉ መጣ። የመጣ ሁሉ መዳኗን ለማየት መደገፊያውን ያስወልቃል። የሺም ለእያንዳንዱ አንገቷን ደፍታ ጉልበት ትስማለች፤ እስኪሄዱም ድረስ ባደገችበት ወግ አቀርቅራ ትቀመጣለች። ካልመጡባት ቀን የመጡባት ይበልጣል። መዳኗን የወደደላት ሰው ሁሉ ነው መልሶ ያጎበጣት።

ባሻይ መሣቅም ማልቀስም አቃታቸው። መደገፊያውን በሁሉ ነገር ሲሞክሩት በሰላምታ አልሞከሩትም። በዚያ ቤት እሳቸው ሰላምታ የሚሰጡት በወታደር ደንብ፣ ደረታቸውን ነፍተው ነው። እኔም አበሻዋ፣ የሰፈሯ ልጅ፣ አልታሰበኝም።

ባሻይ ግን አልተዉትም። ዶቶሬን ለሳምንታት ሲለማመጡት ከረሙ፤ እሱም በመጨረሻ፣ ዳግመኛ ላለማበላሸቷ ዋስ አምጣ አላቸው። እሳቸውም እኔን አስከትለው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ የየሺን የንስሐ አባት አባ ገብረ ማርያምን ለማግኘት። አባ ገብረ ማርያም ጣሊያን የወንድማቸውን ልጅ ገድሎባቸዋል። ባሻይ ያን የጣሊያን መለዮ አውልቀው፣ ያንን የሚወዱትን ጫማ አውልቀው፣ በካልሲ ከቅጥሩ ሥር ቆሙ። አባ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ።

"ከዚያ ሰው ቤት የመጣ መልእክት አልሰማም።"

"መልእክት አይደለም፣ አባቴ። ልመና ነው።"

"ለማን?"

"ለየሺ። እኛ ቆዳዋን ነው የቀየርነው። ጠባይዋን ያሳደጋችሁት እናንተ ናችሁ፤ እሱ ላይ ቢላዋችን አይደርስም።"

እኔ አሁን ይረግሙናል ብዬ ፈራሁ። አባ ቀስ ብለው ዞሩና መጀመሪያ ያዩት የባሻይን ካልሲ ነው፤ ጣታቸው ወጥቶ ነበር።

"ለስንት ጊዜ ነው እንዳትደፋ የሚያስፈልገው?"

"ጥር ላይ ተሠርታ እስከ ትንሣኤ ድረስ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ብቻ።"

"አምጧት" አሉ።

የሺ መጣችና እንደ ልማዷ ወደ ጉልበታቸው ስትወርድ ክንዷን ያዟት። "ስሚ፣ ልጄ። ይህ ቀኖናሽ ነው። እስከ ትንሣኤ ለማንም አንገትሽን አትደፊም። ለሽማግሌ አትደፊም፤ ለእናትሽ አትደፊም፤ ለእኔም አትደፊም። መስቀል ስትሳለሚ መስቀሉ ወደ አንቺ ይመጣል እንጂ አንቺ ወደ መስቀሉ አትወርጂም። አፍርሰሽው ብትገኚ እኔ አልፈታሽም።"

"አባቴ፣ ሰው ጠገበች ይለኛል።"

"ይበል። ቀላል ቢሆን ቀኖና አይባልም።"

ባሻይ ይህን ሲነግሩት ዶቶሬ ሳቀ። "ዋሱ ቄስ ነው? ቄስ ጀሶ ነው እንዴ?"

"ከጀሶ ይጠነክራል" አሉት ባሻይ።

በጥር ከሌላኛው ጭኗ ቆዳ ተወስዶ እንደገና ተሠራች። የመጨረሻ ዕድሏ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዶቶሬ ኋላ እንግሊዞች ሲገቡ ከወገኖቹ ጋር በካሚዮን ተጭኖ ሄደ፤ ፎቶግራፎቹን ይዞ ይሁን ጥሎ አላውቅም። ባሻይ አሥመራ ተመልሰው እዚያው ዐረፉ ብለው ነገሩኝ። በነርስነቴ ዘመን ሁሉ ለበሽተኛ የማስረውን ነገር በራሴ ላይ አስሬ ሳልሞክር አላሰርኩም፤ ሞክሬም ስጨርስ ለሰው እጅ እየነሣሁ እመለከታለሁ። ተማሪዎቼ እብድ ይሉኝ ነበር፤ ይበሉኝ።

ሁዳዴ ለየሺ ከቢላዋው ከበደባት። የዳነች ዕለት የደስታ ጎርፍ ያጎረፈው ሰፈር አሁን ማጉረምረም ጀመረ። ሽማግሌ ሲገባ ግትር ብላ ትቆማለች፤ ዓይኗ ከዓይናቸው ይገጥማል። "ይቺ ልጅ ጣሊያን ቤት ገብታ ጠገበች" አሉ። ወይዘሮ ዘውዴ ከበር ላይ ቆመው ለየሰው ሲያስረዱ ድምፃቸው ተዘጋ። የሺ እኔ ጋ እየመጣች ታለቅሳለች። "ስድቡን እችለው ነበር" ትላለች፤ "ያሳደጉኝን ሰዎች እንዲህ እያየሁ መቆም ነው ያቃተኝ።" መደገፊያውን ግን አላወለቀችም።

ስቅለት ደረሰ። ለመስገድ ቂርቆስ አብረን ሄድን። ግቢው ጢም ብሏል። ካህናቱ ኪርያላይሶን ሲሉ ያ ሁሉ ሕዝብ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይወድቃል። እኔም ከየሺ አጠገብ እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። እሷ ብቻ ቆማለች። ሁሉም መሬት ሲነካ በዚያ ሰፊ ግቢ ቀጥ ብሎ የሚታይ የሷ ራስ ብቻ ነው። ተደብቃ ልትቆም የምትችልበት ቦታ የለም። እጆቿ ነጠላዋን ጨምቀው ይዘዋል። ዓይኗ ያየው ሰው ሁሉ እሷን እያየ ይወርዳል።

ከኋላችን ያሉ አንዲት አሮጊት መቻል አቃታቸው። ነጠላዋን ያዝ አድርገው ጎተቱት። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ? ጌታ በተሰቀለበት ቀን እንኳ? ስገጂ እንጂ!"

የሺ ጉልበቷ ሲታጠፍ አየሁ። ልትወርድ ነበር። እጇን ለመያዝ ስነሣ አባ ገብረ ማርያም የወይራ ቅጠላቸውን እንደያዙ በሕዝቡ መካከል መጥተው ከፊቷ ቆሙ። ላብ ፊታቸውን አጥቦታል። አሮጊቷን ቀስ ብለው፣ "ተያት፣ እናቴ። እየሰገደች ነው" አሏቸው።

ከዚያ ለሰገደ ሁሉ እንደሚደረገው ወይራውን ትከሻዋ ላይ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉ። መስቀላቸውን ወደ ፊቷ አመጡት። የሺ ቀጥ እንዳለች፣ እንባዋ በአንገቷ መደገፊያ ላይ እየወረደ፣ ከንፈሯን ገጥማ ሳመችው።